የደጋ ፀሐይ በብርድም ታቃጥላለች

አዲስ አበባ ውስጥ የፀሐይን ጉልበት በሙቀቷ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ጨረሩ ደግሞ ሙቀት ስለቀነሰ አይቀንስም። ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሚያጣራው አየር እየሳሳ ይሄዳልና። አዲስ አበባ ያለችው 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ስሌት በእሷው ኬክሮስ በባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኝ ከተማ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይወርድባታል ማለት ነው። ከምድር ወገብ ያላት ርቀትም 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመና ይጋርዳታል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ሰማዩ በጠራ ቀን የሚጋርዳት የለም፤ እኩለ ቀን ላይ የጨረር መለኪያው (UV ኢንዴክስ) 11ን ያልፋል፣ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት «እጅግ ከባድ» ከሚለው እርከን ነው። ሰው በዚያው ሰዓት ሹራብ ለብሶ «ደስ የሚል አየር» ይላል።

ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሰዓት ማየት ያስቸገረው ጥላውን ይመልከት፤ ጥላው ከቁመቱ ካጠረ መከለል አለበት። ስስ ደመና ጨረሩን አያቆምም፣ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ሊያልፍ ይችላል። ነጠላም ብዙ አይከላከልም። ሽመናው ስስ ስለሆነ አንድ እጥፍ ተከናንቦ ሰዓታት የቆመ ሰው ግማሽ ጥላ ውስጥ እንደቆመ ይቁጠረው፤ አራት ቢያጥፈው ይሻላል። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ያለው ጃንጥላ ከሁሉም ይበልጣል፤ በበጋ ጃንጥላ የሚይዙ እናቶች ልክ ናቸው።

ጠይም ቆዳ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በብዛት ስላለው ቶሎ አይቃጠልም። ብዙ ሰው «ሳንስክሪን የፈረንጅ ነው» የሚለውም ለዚህ ነው፤ ስለ መቃጠል ብቻ ከሆነ አባባሉ ብዙም አልራቀም። ችግሩ ሜላኒን የሚያመርተው ሕዋስ ራሱ ነው። ጨረር ደጋግሞ ሲነካው ከልክ በላይ ያመርትና በጉንጭ፣ በግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ማዲያት ሆኖ ይወጣል። እርግዝናና የወሊድ መከላከያ እንክብል ያዘጋጁታል፣ ፀሐይ ታወጣዋለች። ከዚህም አልፎ ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ነው፤ ተራው ሳንስክሪን ይህን አይከላከልም። ማዲያት ያለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ የገባበትን፣ ቀለም ያለውን ሳንስክሪን ቢመርጥ የሚበጀው ለዚህ ነው። የመኪና መስኮትም ጨረሩን በሙሉ አያቆምም፤ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሾፌር የግራ ጉንጩ ከቀኙ ቢጠቁር አይገርምም።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሰስታል። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት፣ ርዝመት ልክ የተጨመቀ ያስፈልጋል። ግማሹን የቀባ ሰው ጠርሙሱ ላይ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ተብሎ ቢጻፍም የሚያገኘው መከላከያ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደግማል። አልቢኒዝም ላለበት፣ ማለትም ቆዳው ከልደቱ ጀምሮ ሜላኒን ለማያመርት ወይም በጣም ጥቂት ለሚያመርት ሰው ግን ነገሩ ከመልክ ያለፈ ነው። በደጋ ፀሐይ ቆዳው ገና በወጣትነት ለካንሰር ሊጋለጥ ስለሚችል ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ከልጅነት መጀመር አለባቸው።

ማዲያት ለማጥፋት ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጡት ማቅያ ቅባቶች ሳልናገር አላልፍም። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያፈካል፣ ያሳሳታልም። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ቀልቶ ያቃጥላል። የሳሳ ቆዳ ይዞ የመጋቢትን ፀሐይ መጋፈጥ ማዲያቱን አብሶ መመለስ ነው።

ከፀሐይ ቀጥሎ የደጋን ቆዳ የሚፈትነው ድርቀት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከፍ ባለው አካባቢ ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው እርጥበት ትንሽ ነው፤ ቀን ላይ ፀሐይ ስታሞቀው ይበልጥ ይጠማና ከቆዳ ላይ ይስባል። ቅልጥም አመድ ይመስላል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይነቃቃል። ብዙ ሰው ለብርዱ ብሎ በጣም በሞቀ ውኃ ረጅም ሻወር ይወስድና ነገሩን ያባብሰዋል። ሙቅ ውኃና ሳሙና የቆዳውን ተፈጥሯዊ ቅባት ያጥቡታል። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ሲሆን የተራ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ነው፤ የልብስ ሳሙና ለፊት እንደማይሆን ከዚህ ይገባል። ለብ ያለ ውኃ፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ሳሙናውም ለብብት፣ ለእግርና ለብልት አካባቢ ብቻ ቢሆን ይበቃል።

ቅባት የሚቀባው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ነው። በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት። ቫዝሊን ውኃ አይጨምርም፤ ያለውን ይዘጋል። ስለዚህ በደረቀ ቆዳ ላይ ከመቀባት እርጥብ ሳለ መቀባቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ግሊሰሪን በተቃራኒው ውኃ ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ግን የሚስበው ከውስጠኛው ቆዳ ስለሆነ ሳይበጠበጥ የተቀባ ግሊሰሪን ያጣብቃል፣ ኋላም ያደርቃል። አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን በሦስት ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ መቀባትና ላዩን በስሱ ቫዝሊን መዝጋት ለበጋ በቂ ነው። ውኃ የገባበት ስለሆነ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ ይዘጋጅ። ለተረከዝ ንቃቃት 10 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ በድንጋይ ቀስ ብሎ መፈግፈግ፣ ከዚያ ከ20 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ (ደንዳና ቆዳን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለው ክሬም ቀብቶ ካልሲ አድርጎ መተኛት። ስንጥቁ ከደማ ግን ዩሪያው ያቃጥላል፤ እስኪድን ቫዝሊን ብቻ።

ብርዱ ሌላም ምልክት ይተዋል። ከሰል ምድጃ አጠገብ እግርን ዘርግቶ ማምሸት የለመደ ሰው ቅልጥሙ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል። ማሳከክ ብዙም የለውም፤ ሙቀቱ ደጋግሞ ስላገኘው ብቻ የመጣ ነው። ቶሎ ከራቁ በወራት ይደበዝዛል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን አይለቅም።

ሎሚና ጤና አዳምም እዚህ ይነሣሉ። የሁለቱም ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። ለብጉር ብሎ ሎሚ ፊቱን አሽቶ የወጣ፣ ወይም ጤና አዳም ገላው ላይ ተሽቶለት ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሕፃን፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ውኃ ይቋጥራል፤ ጠባሳው ጠቁሮ ለወራት ይቆያል። ቃጠሎው ዘግይቶ ስለሚመጣ ወላጅ ጤና አዳሙን አይጠረጥርም።

የደጋ አፈርም ቆዳ ይነካል። ከ1000 ሜትር በላይ፣ የዓመት ዝናቡ ከ1000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት አገር ለዓመታት በባዶ እግር ያረሰ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ደቃቅ ማዕድኑ በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ መስመሮችን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ከሰውነት ክፍል የሚመልሱትን ቱቦዎች፣ ያስቆጣል። ትንኝ የሚያመጣው ዓይነትም አለ፤ ይህኛው ግን ከአፈር ነው፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የዘመድ እርግማን አድርጎ ማየት ብዙ ሰው ደብቆ እንዲኖር አድርጓል። ጫማ ቀድሞ ይከላከላል። እብጠቱ ከጀመረም እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሐል በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ያለ ካልሲና ጫማ አለመሄድ በእጅጉ ያቀለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አፈሩን ከበሽታው ያገናኘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር።

ገደልና ዋሻ ባለበት ደግሞ ቁንጭር አለ። ሽኮኮ ከሚኖርበት ቋጥኝ የምትነሣ የአሸዋ ዝንብ ማታ ነክሳ ታስተላልፈዋለች፤ በብዛት ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣ፣ የማያም፣ ሳምንታት አልፎ የማይድን እባጭ ወይም ቁስል ነው። ዝንቧ ከወባ ትንኝ ስለምታንስ ተራ አጎበር ልታልፍ ትችላለች፤ መድኃኒት የተነከረው ይሻላል። ቅጠል እየለጠፉ ወይም እያቃጠሉ መቆየት ጠባሳውን ያሰፋዋል። ሥጋ ደዌም ሊመስል ስለሚችል ናሙና ወስዶ የሚመረምር የቆዳ ክፍል፣ አዲስ አበባ ከሆነ አለርት ሆስፒታል፣ መሄድ ይሻላል።

ወደ ውጭ የሄደ ሰው ሌላ ሒሳብ ይገጥመዋል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም በበረዶው ወራት የቤት ማሞቂያ አየሩን ከታኅሣሥ ደጋ ይበልጥ ያደርቀዋል፣ ፀሐይዋ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ለማሠራት አትበቃም፤ ጠይም ቆዳ ያለው ሰው ደሙን አስመርምሮ እንክብል ቢወስድ ነው የሚሻለው።

ቆላ ሲወርዱ ድርቀቱ ቀርቶ ላብ ይመጣል። ጋምቤላ የሄደ የደጋ ሰው የሚቀባውን ወፍራም ቅባት ካልተወ ላቡ ታፍኖ ሽፍታ ያወጣል፣ ቋቁቻም ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል። ቋቁቻ ሁሌም ቆዳ ላይ ያለ እርሾ በሙቀትና በእርጥበት ሲፋፋ የሚመጣ ነው። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ ገላ ላይ ቀብቶ 5 ደቂቃ ቆይቶ መታጠብ፣ ለአምስት ቀን። እርሾው ይሞታል፤ ነጣ ያለው ነጠብጣብ ግን ለወራት ይቆያል። ብዙዎች መድኃኒቱ አልሠራም ብለው በላዩ የስቴሮይድ ቅባት ይጨምሩና እርሾውን መልሰው ያፋፉታል። ፋቅ አድርገው ሲያዩት ቅርፊት ከሌለው ድኗል፤ ቀለሙን መጠበቅ ብቻ ነው።