ወደኋላ የማትመለስ ቆርኪ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሁለት ልጆች ዳማ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ሰሌዳው ካርቶን፣ ጠጠሩ ቆርኪ። የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው ተገልብጦ ተደርድሯል።

ዳማን የሚያጣፍጠው አቅጣጫው ነው። ተራዋ ጠጠር የምትሄደው ወደፊት፣ ያውም በሰያፍ ነው። ከራሷ የኋላ መስመር የተነሳች ቆርኪ ለተቃራኒው በር ከፍታ ነው የምትሄደው። ትንሹ ልጅ ይሄ በደንብ ገብቶታል። የኋላ መስመሩን ሳይነካ፣ የጓደኛው ቆርኪ እዚያ ደርሳ ንጉሥ እንዳትሆን ከልክሎት ቆየ። በጣም ነው የገረመኝ!

በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ የሚባለው የቪዲዮ ጌምም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አይመለስም፤ ያለፍከው ሳንቲም ቀረ ማለት ነው።

በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። እነዚህ ልጆች ያንን ቢጫወቱት እንዴት ደስ ባለኝ!