ከፖርቶመጋላው ላይ ድንቹን ካወረድን ወዲህ

መኪናችን እንደ ፈረንጆቹ የ1998 የጃፓን ስሪት ናት። ባለ ሰባት ሰው፣ ከፍ ያለች የፊልድ መኪና። ስገዛት ሃያ ዓመት አልፏት ነበር። የገዛኋት ለልጆቼ ብዬ ነው። ከፍ ያለ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፣ መንገዱን ከላይ ሆነህ ታያለህ፣ ቢመጣብህም አይጎዳህም ይባላል። እኔም አምኜ ነበር። ዛሬም ወዳጆቼ ለቤተሰብ መኪና ሲፈልጉ ይህንኑ ሲሉ እሰማለሁ። ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው፤ ከፍ ያለ መኪና ለመገልበጥ ቅርብ መሆኑንና እኔ ምን እንዳደረግኩ ለመንገር።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ነው። እናቴ ስለት ስለነበረባት ለሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ ወርደን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እህቴና ልጇ። ሰባት ሞልተናል። ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ ድንች ረከሰልንና ሁለት ጆንያ ገዛን። አርሲ ነገሌን ስናልፍ ከሰል ተጨመረ። ሻንጣዎቹንም ልጆቹ እንዳይጨናነቁ ብለን ወደ ላይ አወጣናቸው። ሁሉም ፖርቶመጋላው ላይ ተደርድሮ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታሰረ።

ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን እርጥብ ነው። ሰማንያ ገደማ እነዳለሁ። ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ የአህያ ጋሪ ሊቀድም ብሎ እኔ መስመር ውስጥ ገባ። ወደ ቀኝ ሸሸሁ። የቀኝ ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ወረዱ። ጠርዙ በጎርፍ ተበልቶ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። አፈሩ ደግሞ ጭቃ ነው። ደንግጬ መሪውን ወደ ግራ መነጨቅኩት። ጎማው ጠርዙን ታግሎ ሲወጣ መኪናዋ ተወርውራ ተቃራኒው መስመር ላይ ተገኘች። መልሼ ወደ ቀኝ ሳዞር መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ባዶ ነገር የያዝኩ ነው የመሰለኝ። በባለቤቴ በኩል ያሉት ጎማዎች መሬት ለቀዋል። ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ጓ ብላ ተመልሳ ቆመች።

ትንሿ ልጄ እናቴ ጭን ላይ ነበረች። ግንባሯ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ አብጧል። ሌሎቻችን ደህና ነን። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ወረደ። እኛን ካየ በኋላ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። አንዱ ጆንያ ተንሸራቶ በገመዱ ተንጠልጥሏል። «ወንድሜ፣ ሚኒባሱ አስደነገጠህ እንጂ ሊገለብጥህ የነበረው ይሄ ነው» አለኝ። ድንቹን አብሮኝ አወረደ። ግማሹን እዚያው ላሉ ልጆች ሰጠናቸው።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሹፌሩ ቃል አልለቀቀኝም። ማንበብ ጀመርኩ።

የተረዳሁት ነገር ቀላል ነው። መኪና የመገልበጥ ዝንባሌው የሚለካው በሁለት ቁጥር ነው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መሀል ያለው ስፋት አንዱ ነው። የክብደቱ ማዕከል፣ ማለትም ክብደቱ ሁሉ ሚዛን የሚይዝበት ነጥብ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ሌላው ነው። ስፋቱን ለከፍታው እጥፍ ታካፍለዋለህ። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ለመኪኖች የመገልበጥ ደረጃ ሲሰጥ መነሻው ይህ ስሌት ነው። የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ያመጣል። እንደኔ ያሉት ከፍ ያሉት ከ1.0 እስከ 1.3 ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መገልበጡ ይቀርባል።

ልጄን ጠርቼ ግቢ ውስጥ ለካን። እሱ የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ፣ እኔ ከአንዱ ጎማ መሀል እስከ ሌላው ጎማ መሀል ዘረጋሁ። 150 ሳንቲ ሜትር። የክብደት ማዕከል ቤት ውስጥ አይለካም። ለስሌት ያህል 70 ሳንቲ ሜትር ብለን ያዝን። 1.07 መጣ። ከዚያ የዚያን ቀኑን ጭነት ጨመርን። መኪናዋ ከነሰዎቹ ሁለት ሺህ ኪሎ ብትሆንና 190 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መቶ ኪሎ ቢጫን፣ ማዕከሉ ወደ 76 ይወጣል። ቁጥሩ 0.99 ይሆናል። ልጄ ወረቀቱን አየና «አባዬ፣ መቶ ኪሎ እኮ ሁለቱ ድንች ብቻ ነው» አለኝ። ከሰሉንና ሻንጣዎቹን አልቆጠርንም ነበር።

በዚያ ላይ የቀድሞው ባለቤት መኪናዋን ከፍ አስደርጓታል። ከሞላዎቹ ጋር ስፔሰር የሚሉት ማስረዘሚያ ገብቷል፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል። እዚህ አገር ኮሮኮንቹ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ያስደርገዋል። ከፍ ስትል ታምራለች ደግሞ። እሱ ሲደመር 0.93 አካባቢ ደረስን። ይህ የእኔ የቤት ስሌት ነው፣ ላቦራቶሪ አይደለም። ግን አቅጣጫውን ለማየት ይበቃል።

ጋራዥ ሄጄ ስፔሰሩን አውጣልኝ ስለው መካኒኩ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ሰው ያስጨምራል እንጂ ያስወጣል እንዴ?» አለኝ። አስወጣሁት። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። እግረ መንገዱን የኋላ አሞርዛተሮቹን አየናቸው። ዘይት አፍስሰዋል። የመኪናዋን ጥግ ተጭኖ ሲለቃት ሦስት አራት ጊዜ ትዘላለች። አንዴ ወጥታ መቆም ነበረባት። እንዲህ ስትወዛወዝ ነው ያኔ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የወረወረችኝ። እነሱንም ቀየርኩ። ስፔሰሩ ወጥቶ መኪናዋ ዝቅ ስላለች አሁን ወገብ የሚያህል ጎርፍ አልገባም። ድሮም አልገባም ነበር።

ጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በብረት መታ መታ አድርጎ «ሙሉ ነው» ይልሃል። እኔም ለዓመታት አመሰግነው ነበር። የራሴን መለኪያ ገዝቼ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ ስለካ የአንዱ የኋላ ጎማ አየር 22 ፒ.ኤስ.አይ ሆኖ አገኘሁት። የአሽከርካሪው በር ሲከፈት ከሚታየው ምሰሶ ላይ ያለው ወረቀት 32 ይላል። ያ ወረቀት እስካሁን ዓይኔ ስር ነበር፣ አንብቤው አላውቅም። አየሩ የጎደለ ጎማ በፍጥነትና በጭነት ይግላል። ከደጋው አዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲሰበሰብ ያደረገው እንዲህ ያለ ጣጣ ነው። ጎማዎቹ በፍጥነት ላይ ጥርሳቸው ይላጥ ነበር። በብዛት የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነው። መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማው ሲላጥ ይገለበጣል። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

የጎማ ዕድሜም ይነበባል። ጎኑ ላይ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። የእኔ አንዱ 2210 ይላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2010፣ በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ተንበርክኬ በእጅ ባትሪ ሳየው ግን ጥርሶቹ መሀል ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አሉት። አራቱንም ቀየርኳቸው። ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያስወጣኝ ይህ ነው። ለሁለት ወር ሌላ ነገር አቆምን።

ቀበቶው ግን ገንዘብ አላስወጣኝም። ያፈርኩትም በሱ ነው። የወንበር ልብስ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፊው የኋላ ቀበቶዎቹን መቆለፊያ ከስር አድርጎ ሸፍኗቸዋል። ለዓመታት ከኋላ ቀበቶ መኖሩንም ረስተነው ነበር። አንድ ቅዳሜ ምላጭ ይዤ ገባሁ። ልብሱን በእጄ እየዳሰስኩ ጠንከር ያለው ጋ ስደርስ ቀደድኩት። አንድ በአንድ ወጡ። አቧራና የብስኩት ፍርፋሪ ሞልቷቸዋል። አንዱ አልይዝ አለ። በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ ሳስገባው ጠቅ አለ። ሌላው ድንገት ሲሳብ መቆለፍ ሲገባው ዝም ብሎ ይመጣል። እሱን አስቀየርኩት።

መኪና ሲገለበጥ ሰው የሚሞተው በብዛት በመስኮት ተወርውሮ ነው። ወይም ሳይታሰር እውስጥ እየተንከባለለ ነው፣ ያሰረውንም ይጎዳል። አሮጌ መኪና ደግሞ ጣሪያው ላይ ብዙ አይተማመኑበትም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ እንኳ ጣሪያው የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይቻል ነበር የሚለው። ወደ ሦስት እጥፍ ያሳደጉት በ2009 በወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ ለእኛ ያለችን ቀበቶዋ ናት።

እናቴ አስቸገረችኝ። «ልጄ፣ ታንቄ ልሙት?» አለች። ነገሩን ሳየው እውነቷን ነው። ነጠላና ጋቢ ደራርባ ቀበቶው ከላይ ሲያርፍ አንገቷ ጋ ይወጣል። ነጠላውን አነሳሁና የታችኛውን ክር ሆዷ ላይ ሳይሆን ዳሌዋ አጥንት ላይ አሳረፍኩላት። ነጠላዋን ከላይ አለበስኳት። «እንዲህማ ከሆነ ደህና» አለች። አሁን እሷ ካላሰረች መኪናው አይነሳም ባይ ሆናለች። ትንሿ ደግሞ የልጅ ወንበር ተገዝቶላታል። ጭን ላይ መቀመጥ ቀርቷል። እናት እጇ የቱንም ያህል ቢጠነክር በዚያ ቅጽበት ልጅ ይዞ አያስቀርም። የእናቴን እጅ አይቻለሁ፣ ይዛት ነበር።

የቀረው እኔ ነኝ። አዳዲስ መኪኖች ላይ መንሸራተት ሲጀምር አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን እየያዘ የሚያስተካክል ሲስተም አለ። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለቤተሰብ መኪኖች ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። የእኔ የላትም፣ ሊገጠምላትም አይችልም። ስለዚህ እጄን ማስተማር ነበረብኝ።

አንድ እሁድ ጠዋት ወንድሜን ይዤ ጭር ያለ መንገድ ፈለግሁ። ጠርዙ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የቀኝ ጎማዎቹን እያወቅኩ አወርዳለሁ። ከዚያ ምንም አላደርግም። መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፣ ነዳጁን እለቃለሁ፣ ፍሬኑን በስሱ እነካለሁ። መኪናዋ ቀስ ስትል፣ ኋላና ፊቱን አይቼ በትንሹ ወደ ግራ እመልሳለሁ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ከባዱ ያ «ምንም አለማድረግ» ነው። እጅ መመንጨቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው ልምምድ ከብት ሲገባ ነው። ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ። እንስሳ ለማትረፍ መሪ መጠምዘዝ የለም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም። ግን ከሌላ መኪና ጋር ሳይጋጭ ብቻውን ከሚገለበጠው መኪና አብዛኛው፣ አሜሪካኖቹ 95 በመቶ ይሉታል፣ የሚገለበጠው ከመንገድ ወጥቶ ጎማው አፈር ወይም ጠርዝ ሲይዘው ነው። መጠምዘዝ የሚወስደን ወደዚያው ነው።

ፍጥነቱንም ቀነስኩ። ከ60 ወደ 80 ሲወጣ ሃያ ብቻ የጨመረ ይመስላል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይሆናል።

ፖርቶመጋላው አሁን ባዶ ነው። ከባድ ነገር እውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይታሰራል። እዚያ የማይገባ አይገዛም። የኋለኛው ረድፍ ሁለት ወንበሮች ቀበቷቸው ወገብ ብቻ የሚይዝ ስለሆነ አጥፌያቸዋለሁ። ሻንጣው እዚያ ይገባል። ይህ ማለት ሰባት ሰው አንሄድም። አምስት ነን።

ይህን ለእህቴ መንገር ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። «እኛን አውጥተህ ሻንጣ ልትጭን ነው?» አለችኝ። ቁጥሩን፣ ስሌቱን ልነግራት ሞከርኩ። አልገባትም፣ ወይም ልትሰማኝ አልፈለገችም። ባለፈው ሐምሌ ከልጇ ጋር በአውቶቡስ ሄደች። ትኬቱን እኔ ቆረጥኩ። እኛ ቀድመን ገብተን፣ እናቴንና ልጆቹን አውርደን፣ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቅናት። ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። ባዶ መሆኑን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ልጇን ከኋላ አስገባችና ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት።