ቲቸር፣ ግሩፑ ላይ እኮ ተመልሷል

እኔ ራሴ ሃይስኩል የተማርኩት በፕላዝማ ነው፣ ቲቪው በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፣ አስተማሪያችን ጥግ ቆሞ ያያል፣ ሲያልቅ በቀረችው 5 ደቂቃ በአማርኛ ሊያስረዳን ይሯሯጣል። ያሳዝነኝ ነበር። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ፣ በቴሌግራም።

11ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ለየክፍሉ ግሩፕ መክፈት በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የለመድነው አመል ነው። አንድ ማታ "ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?" ብዬ ለጠፍኩና ተኛሁ (አክስለሬሽን ማለት ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው)። ጠዋት ደብተር ስሰበስብ ሁሉም ዜሮ! ቃል በቃል አንድ አይነት። ማን አስረዳችሁ ስላቸው "ቲቸር፣ ግሩፑ ላይ እኮ ተመልሷል" አሉኝ።

በእረፍት ሰዓት ስልኬን ከፈትኩ። የክፍሉ አንደኛ የ2 ደቂቃ ቮይስ ልኳል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል አይደል፣ ከቆመ ምን አክስለሬሽን አለው እያለ፣ ላይክ ዘንቦበታል። ደግሞ እውነት ለመናገር አቀራረቡ ከኔ ይሻላል፣ ያናደደኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ግሩፑን ልዘጋው ስል ከስር አንዲት ልጅ የጻፈችውን አየሁ፣ "ዜሮ ከሆነ ታዲያ ለምን ይወርዳል? እዛው አይቀርም ነበር?" ሦስት የሳቅ ኢሞጂ፣ መልስ የሰጣት የለም። ይቺ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም።

9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፣ ወደ ታች፣ ፍጥነቱ ነው እንጂ ዜሮ የሆነው ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ስሟን ሳልጠራ ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ፀጥ አሉ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ልጅ ራሱ "ውይ" አለ፣ ከዛ ክፍሉ በጭቅጭቅ ተናጋ፣ ፔሬዱ ሊያልቅ እኔ የተናገርኩት አስር ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ማታ ልጁ ስህተቱን አርሞ ሌላ ቮይስ ላከ።

አሁን ከጥያቄው ጋር ስም የማያሳይ ፖል እለጥፋለሁ፣ የተሳሳተ እንዳይሳቅበት። ጠዋት ትምህርት የምጀምረው ከፖሉ ውጤት ነው፣ ስንቱ የት ጋ እንደሳተ አውቄ ስለምገባ የማውቀውን ሁሉ መዘብዘብ ቀርቷል። ስልክ የሌላቸው ሰባት ልጆች አሉ፣ ለነሱ ከደወሉ በፊት ሰሌዳ ላይ እጽፈውና በወረቀት ይመልሳሉ። ፓኬጁ ከኪሴ ነው፣ የማታውን ሰዓት ደግሞ እንደ ሥራ የሚቆጥርልኝ የለም፣ እሱን ተዉት።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ ዛሬም ዝም ነች። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ግን "አየር ባይኖር ላባና ድንጋይ እኩል ይወድቃሉ ካላችሁ፣ ከባዱን ምድር የበለጠ አትስበውም ወይ?" ብላ ለቀቀች። ያ አንደኛው "ታይፒንግ" ይላል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይላል። አየሁት፣ ሳልመልስ ተኛሁ።