ለሳልሞን ፍሎርፌኒኮል ሲመጠን

የቺሊ የሳልሞን ዓሣ አርቢዎች ዋና ራስ ምታት ፒስሲሪኬትሲያ ሳልሞኒስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በብዛት የሚታዘዝለት ፍሎርፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ይሰጣል።

ዓሦቹ በሚረቡበት መረብ ውስጥ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ የሚመዝኑ 50,000 ዓሦች ካሉ ጠቅላላ ክብደታቸው 100 ቶን ነው። ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ የዓሣ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም ለ10 ቀን ካዘዘ፣ በቀን 1 ኪሎ ንጹህ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ከዱቄቱ ንጹህ መድኃኒት የሆነው 50 በመቶው ብቻ ከሆነ 2 ኪሎ ዱቄት። ዓሦቹ በቀን የክብደታቸውን 1 በመቶ የሚበሉ ከሆነ፣ ይህ ከ1 ቶን መኖ ጋር ይደባለቃል። ውሃው እንዳያጥበው በዘይት ይሸፈናል።

ጣጣው ግን የታመመ ዓሣ መኖ መተዉ ነው። አበላላቸው በግማሽ ከወረደ የሚደርሳቸው 5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እሱም በአማካይ! ጤነኞቹ ተሻምተው ሲጠግቡ ሕመምተኞቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚደባለቅበት መኖ በአመጋገብ ሠንጠረዥ ሳይሆን ሰሞኑን በእርግጥ በበሉት ልክ ይሰላል፤ ሕክምናውም ዓሦቹ ገና እየበሉ ሳለ ይጀመራል።