በሰሌዳው አንደኛ መስመር ላይ የነበረው ቁጥር

ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ 0.999… ከ1 ጋር እኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ነበር። «ይጠጋዋል እንጂ አይደርስበትም» አልኩት። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ እኔም ወጣሁ።

ከወራት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ከሚበልጠኝ የፊዚክስ መምህር ጋር ክርክር ገጠምን። «ማለቂያ የሌለው ነገር ከሌላ ማለቂያ ከሌለው ነገር በምን ይበልጣል? ሁለቱም አያልቁ!» ብሎ ድርቅ አለ። 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ6 እያጣመርኩ፣ መቁጠሪያ ቁጥሮችና ተጋማሽ ቁጥሮች በብዛት እኩል መሆናቸውን አሳየሁት፤ ከየትኛውም ወገን ያለ ጥንድ የሚቀር የለም። «ይኸው፣ ሁሉም እኩል ነው ማለት ነው» አለኝ። በ0 እና በ1 መካከል ያሉት ዴሲማሎች ግን ከመቁጠሪያ ቁጥሮች እንደሚበልጡ ነግሬው፣ ማረጋገጫውን እንዲያይ ዓርብ የሒሳብ ክበባችን ላይ ጋበዝኩት። መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ማረጋገጫው የጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ የጌኦርግ ካንቶር ነው። ዴሲማሎቹ በሙሉ በተራ ተዘርዝረው አለቁ እንበል። ከአንደኛው መስመር አንደኛውን አኃዝ፣ ከሁለተኛው ሁለተኛውን እያልን በሰያፍ ወርደን እያንዳንዱን ብንቀይር፣ ከየመስመሩ ቢያንስ በአንድ አኃዝ ስለሚለይ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር እናገኛለን፤ ዝርዝሩ አላለቀም ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

0.5999…
0.1912…
0.3394…
0.0279…

«እያንዳንዱ ላይ 1 እንደምር፣ 9 ከሆነ 0 እናድርገው» አልኩ። ሰያፉ ላይ ያሉት 5፣ 9፣ 9፣ 9 ናቸው። ሰያፉ እንዲሁ በ9 ከቀጠለ አዲሱ ቁጥር 0.6000… ይሆናል።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 0.6000… እኮ ራሱ 0.5999… ነው። አንደኛው መስመር ላይ አለ።»

«አይ፣ እሱማ ይጠጋ…» ብዬ ጀምሬ አቆምኩ። ጠመኔውን ተቀበለችኝና 1/3 = 0.333… ብላ ጻፈች፤ ሁለቱንም በ3 አባዛች። በግራ 1፣ በቀኝ 0.999… ወጣ። «በመካከላቸው ያለ አንድ ቁጥር ይንገሩኝ» አለችኝ። ልነግራት አልቻልኩም፤ የለማ!

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። 0.9፣ 0.99፣ 0.999 እያልን ስንጽፍ የምንጓዘው እኛ ነን። 0.999… ግን የትም አይሄድም፤ ዘጠኞቹ ሁሉ አሁኑኑ ያሉበት አንድ ቋሚ ቁጥር ነው፣ እሱም የ1 ሌላ አጻጻፍ ነው።

ሁለት አጻጻፍ ያላቸው በ0 ወይም በ9 ድግግሞሽ የሚቀጥሉት ብቻ ስለሆኑ ደንቡን ቀየርን፦ በሰያፉ ላይ 5 ካለ 6፣ ሌላ ከሆነ 5 ይጻፍ። ያገኘነው 0.6555… አጻጻፉ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ዝርዝሩ ውስጥ በሌላ መልክ ሊያገኘው አይችልም። ማታ ሳነብ ካንቶር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ሲጽፍ ዴሲማል እንዳልተጠቀመ አየሁ፤ በሁለት ፊደላት ብቻ የተሠሩ ማለቂያ የሌላቸው ረድፎችን ስለወሰደ ይህ ጣጣ አልገጠመውም።

ሰኞ ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ የዚያን ልጅ ደብተር ለመንኩት። «ይጠጋዋል እንጂ አይደርስበትም» የሚለውን ፈልገን አገኘነው። በራሴ እጅ ሰርዤ፣ ከሥሩ በ1/3 ጀመርኩለት።