ሄፓታይተስ ሲን ለሁሉም ታካሚ መመርመር ስንጀምር

በተመላላሽ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ እግራቸው አብጦ፣ አንዳንዴም ደም እያስታወኩ የሚመጡ ሰዎችን ደጋግሜ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ጉበታቸው መታመሙን የሚሰሙት ያን ዕለት ነው። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ግን ከገባ ሃያ ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ሲይዝ ከአሥር ሰው ስምንቱ ምንም አይሰማውም፤ ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። በውስጣቸው ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ተሞልቶ ይጠነክራል። ሲሮሲስ የምንለው ይህ ነው፤ የጉበት ካንሰርም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የሚያንገበግበኝ በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። አሁን ያሉት ኪኒኖች ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ተውጠው ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነውን ያድናሉ። በየሳምንቱ መርፌ እየተወጉ፣ እያተኮሱና እየተጨነቁ ወራት የሚያልፉበት የድሮው ሕክምና ቀርቷል። ክትባት ግን የለውም። እንግዲህ ያለው መንገድ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 242 ሺህ ያህል ሰው ሞቶበታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሽታው እንዳለበት በምርመራ የታወቀው 36 በመቶ ገደማ ነበር። መድኃኒቱ ተገኝቶ የሚወስደው ሰው አልታወቀም ማለት ነው።

ምርመራውን እንጀምር ስንባባል የመጀመሪያው ክርክር «ማንን?» የሚል ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ መጠይቅ አዘጋጅተን ተጋላጭ የሆነውን ብቻ እንለይ አሉ፦ ደም የወሰደ፣ በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ የተጠቀመ፣ ኩላሊቱ በማሽን የሚታጠብ፣ ንቅሳት ያለው። ወረቀት ላይ ያምራል። ታካሚ ፊት ተቀምጦ ግን «በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅና እውነተኛ መልስ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ከጎኑ ሚስቱ አለች። ሴትየዋ በወሊድ ጊዜ ራሷን ስታ ነበር፤ ደም ይሰጧት አይስጧት አታውቅም። በልጅነቱ በተደጋጋሚ የተቀቀለ መርፌ የተወጋ ሽማግሌ ደግሞ ያንን እንደ አደጋ አይቆጥረውም። ስለዚህ ለሌላ ሕመም የመጣ አዋቂ ሁሉ እግረ መንገዱን አንድ ጊዜ እንዲመረመር ተከራከርኩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር ይኸው ነው፦ አዋቂ ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ በእያንዳንዱ እርግዝና። ለሁሉም ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው፤ ምርመራው ማንንም አይጠቁምም። «ሁሉንም ነው የምንመረምረው» ሲባል የሚኮሳተር ፊት ብዙም አላየሁም። መጠይቁን አልጣልነውም፣ አደጋው የሚቀጥልበትን ሰው በየጊዜው ደግመን ለመመርመር እንጠቀምበታለን።

ከታካሚ በፊት ራሳችንን መረመርን። መርፌ የሚነካ ሁሉ የመወጋት አደጋ አለበት፤ ለሄፓታይተስ ሲ ደግሞ እንደ ኤች አይ ቪ ወዲያው ተውጦ የሚከላከል መድኃኒት አይመከርም፣ ተከታትሎ መመርመር ብቻ ነው ያለው። ባለሙያው ራሱ ጣቱን ተወግቶ ከተመረመረ በኋላ ለታካሚ ሲያስረዳ አፉ ይፈታል።

ፈጣኑ ምርመራ ቀላል ነው። የጣት ጫፍ ይወጋል፣ ጠብታ ደም ካሴት በምንለው ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ማሟሟያው ይጨመራል፣ ይጠበቃል። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ካሴቱ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታትመዋል፣ ‹ሲ› እና ‹ቲ›። ‹ሲ› ካሴቱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ መስመር ነው፤ ጤነኛም ሆነ በሽተኛ ሁሉም ጋ መውጣት አለበት። ታካሚው ግን ጠረጴዛው ላይ አንገቱን አስግጎ «ሲ» ላይ ቀይ መስመር ሲወጣ ያያል፤ ሄፓታይተስ ሲ አለብኝ ብሎ ክው ይላል። ከዚያ በኋላ ካሴቱን ከታካሚ እይታ ውጭ ማስቀመጥ ልማዳችን ሆነ። ‹ሲ› ላይ ምንም ካልወጣ ካሴቱ ተበላሽቷል፣ በሌላ ይደገማል። ‹ቲ› ላይ የወጣው መስመር ደብዛዛም ቢሆን ውጤቱ አዎንታዊ (ፖዘቲቭ) ነው። ንባቡም አምራቹ በጻፈው ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሥራ በዝቶ ረስተውት ቆይተው የሚያነቡት ካሴት አይታመንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህ ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ቫይረሱን አይደለም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ዱካ ነው፤ ያለፈ እንግዳም ያለ እንግዳም አንድ ዓይነት ዱካ ይተዋል። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች 30 በመቶ ገደማው ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ራሳቸው ያጸዱታል፤ ዱካው ግን አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ ቫይረሱ ራሱ አሁን ደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ላቦራቶሪዎች አር ኤን ኤ ወይም ቫይራል ሎድ የሚሉት።

ለባልደረቦቼ በቁጥር ነበር ያስረዳሁት። በሽታው ብዙ ባልተስፋፋበት ቦታ ሺህ ሰው መረመርን እንበል፤ ከመካከላቸው ዱካው በእርግጥ ያለባቸው አሥር ይሁኑ። ካሴቱ ከመቶ ነፃ ሰው አንዱ ላይ ይሳሳት እንበል፤ ከቀሩት 990 ሰዎች አሥር ያህሉ በስሕተት አዎንታዊ ይወጣሉ። በእጃችን ሃያ አዎንታዊ ሰው አለ፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ከእውነተኞቹ አሥር ውስጥ ሦስት ያህሉ ደግሞ ቫይረሱን ራሳቸው አጽድተዋል። ኪኒን የሚያስፈልጋቸው ሰባት ናቸው ማለት ነው። ሃያውንም «ሄፓታይተስ አለባችሁ» ብሎ መስደድ አሥራ ሦስት ቤተሰብ በከንቱ ማስለቀስ ነው።

ለሁለተኛው ምርመራ «ሌላ ቀን ይመለሱ» የተባለ ሰውም ውኃ ይበላዋል። የሚያመው ነገር የለ፣ ሥራ አለበት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጥቂቱም ፈርቶ ይቀራል። እኔ እንደ ግዴታ የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፈጣኑ ምርመራ አዎንታዊ ከሆነ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ የሁለተኛው ደም ይቀዳል። ላቦራቶሪው ያንኑ ቀን ባይሠራውም የናሙናው ፈሳሽ ክፍል ይለያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይላካል። የሚጓዘው ደሙ ነው፣ ሰውየው አይደለም። ይህንን ማድረግ የማይችል ተቋም ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት ቢያስብበት እላለሁ፤ ሰውን አስፈራርቶ መሸኘት የሕዝብ ጤና ሥራ አይደለም።

አንዲት አሮጊት አስታውሳለሁ። ለደም ግፊት ክትትል ነበር የመጡት። አዎንታዊ ሲሆን ፊቴን አንብበውኛል መሰል፣ ከመናገሬ በፊት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን ተገኘብኝ?»

«እማማ፣ የጉበት ቫይረስ ከዚህ በፊት አግኝቶዎት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አለ። አሁንም ይኑር አይኑር ገና አላወቅንም። ለሱ ነው አሁን ደም የምቀዳዎት።»

«የልጅ ልጄ አብራኝ ነው የምትተኛው።»

«ትተኛ። ይቀፏት፣ ይሳሟት፣ አብራችሁ ብሉ። በደም እንጂ በዚህ አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ብቻ ለየብቻ ይሁን።»

«ለልጆቼ ልንገራቸው?»

«ውጤቱ ይምጣና አብረን እንመክራለን።»

ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ቫይረሱ አልነበረባቸውም። ደውዬ ስነግራቸው ካመሰገኑኝ ይልቅ ያ ሁሉ ጊዜ ለማንም አለመናገራቸው ነበር ያስደሰታቸው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ውጤት ስናገር ቃል እመርጣለሁ፤ «በሽታ አለብዎት» የሚለው ከሁለተኛው ምርመራ በፊት ከአፌ አይወጣም።

መዝገባችን ተራ ደብተር ነው፣ በእጅ የተሰመረ። ዓምዶቹ ፈጣኑ ምርመራ፣ የሁለተኛው ደም የተቀዳበት ቀን፣ ውጤቱ ለታካሚው የተነገረበት ቀን፣ ኪኒን የተጀመረበት፣ የመጨረሻው ምርመራ ናቸው። ሪፖርት ሲጠየቅ ሁሉም የሚያየው የተመረመረውን ሰው ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ደስ ይላል። እኔ የማየው ባዶ የቀረውን ሳጥን ነው። ሁለተኛው ደም ተቀድቶ ውጤቱ ካልተነገረ ጥፋቱ የታካሚው አይደለም። ስልክ ስንቀበልም አንድ ጥያቄ ጨመርን፦ «ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ብዬ ልንገር?» ብዙ ሰው ስልኩን ለመስጠት የሚያመነታው ቤት ውስጥ ወሬ እንዳይሆን ነው። መልሱ ከስልኩ አጠገብ ይጻፋል።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ኪኒን ከመጀመሩ በፊት የምናጣራቸው ነገሮች አሉ። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ካለ ሲ ሲጠፋ ቢ ሊቀሰቀስና ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል፤ ሳይመረመር አይጀመርም። የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶችም ይጠየቃሉ፦ የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒን፣ የልብ ምቱ አሚዮዳሮን ከነዚህ ኪኒኖች ጋር አይስማሙም። እርግዝናም ይታያል። የጉበቱን ጉዳት ለመገመት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ ዕድሜ፣ ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞችና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ክፍሎች) ቁጥር በአንድ ቀመር ገብተው ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ። ኪኒኑን ከጨረሰ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ ካልተገኘ ሰውየው ድኗል።

የዳነም ሰው ታዲያ ፀረ እንግዳ አካሉ አይጠፋም። ሌላ ቦታ ሄዶ በፈጣኑ ሲመረመር እንደገና አዎንታዊ ይሆናል፣ እንደገናም ይደነግጣል፤ ያልገባው ባለሙያ ከገጠመውም ሥራ ወይም የሕክምና ቀጠሮ ሊያሳጣው ይችላል። መታከሙንና ቫይረሱ አለመገኘቱን የሚገልጽ ማስረጃ ጽፈን እንሰጣለን። ድጋሚ ሊያዝ እንደሚችልም አብረን እንነግራለን፤ መዳን እንደ ክትባት አይጠብቅም።

አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር አገር አቀፍ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ግብፅ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ መርፌ ከሰው ሰው እየተደጋገመ ቫይረሱ በሰፊው ተሠራጨ፤ ማዳኛው ዘመቻ ራሱ ሌላ በሽታ ዘራ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምራ በጥቂት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች፤ የተገኘባቸውን በነፃ አከመች። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚያስኬደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። እኔን ከቁጥሩ በላይ የነካኝ ምርመራውና ሕክምናው አንድ ላይ ተዘጋጅተው መጀመራቸው ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ግን መርፌ የሚደገም ከሆነ በአንድ በር የምናክመውን በሌላው በር እንደምናስገባም ያው ታሪክ ያሳያል። ስለዚህ በእኛም ክፍል የመርፌ መጣያ ሣጥኑ ሲሞላ ማን እንደሚቀይረው ከምርመራው መርሐ ግብር ጋር አብሮ ተጽፏል።

ሰሞኑን ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። ኪኒን ሲጀምሩ ሲሮሲስ ደርሶባቸው የነበሩ ሰዎች ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልጋቸዋል። «ድነሃል» የተባለ ሰው ደግሞ ለምን ይመለሳል? ስለዚህ ያንን ዜና የምንነግረው የቀጣዩን አልትራሳውንድ ቀጠሮ በእጁ ከያዘ በኋላ ነው።