ላፕቶፑ ከመከፈቱ በፊት

አዳማ፣ ግንቦት

«ጉልበት ጨምርልኝ፣ ናፍታም ቀንስልኝ።» የመኪናውን ኮምፒውተር (ኢሲዩ) ሪማፕ ሊያሠራ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያዘውን ፋይል ሊያስለውጥ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህን ነው። ሁለቱም ይገኛሉ፤ በአንድ እግር ግን አይገኙም። የተጨመረውን ጉልበት ሁልጊዜ እስከ ታች የሚረግጥ ሹፌር የተቆጠበውን ናፍታ መልሶ ያቃጥለዋል። ባለቤቱና ሹፌሩ ሁለት ሰው ሲሆኑ ደግሞ ፍላጎታቸውም ሁለት ነው፤ ባለቤቱ ናፍታ ይፈልጋል፣ ሹፌሩ ጉልበት። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ሳያነጋግሩ ሥራ መጀመር ነገ ለሚመጣው ጭቅጭቅ ዛሬ ቀጠሮ መያዝ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ይዞ ማሰንበት ግድ ሆኗል። ሪማፕ ያሠራ ሰው ሞተሩ ቢወርድበት «ሌላ እገዛለሁ» የሚልበት ጊዜ አይደለም። አሠርተው ረክተው የሄዱትንና ተቆጥተው የተመለሱትን ሳነጻጽር ልዩነቱ ፋይሉን የጻፈው ማን ነው በሚለው ላይ እምብዛም አይደለም። መኪናው ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ ይወስናል፤ ሠሪው ከተማችን ያለችበትን ከፍታ ማሰቡም ይወስናል።

ከከፍታው ልጀምር። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነች። ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 83 ይወርዳል፤ አሰላ ሲደረስ 75 ገደማ ይሆናል፣ መተሐራ ሲወረድ ወደ 90 ያንሰራራል። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር፣ ቪትዝ ይሁን ኮሮላ ወይም ዲዛየር፣ እዚህ ከተማ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን አጥቷል። የጠፋው አየር ስለሆነ ፋይል አይመልሰውም። ለእነዚህ መኪኖች ሪማፕ ሲሠራ በአብዛኛው የሚለወጠው የነዳጅ መስጫው ስሜት ነው፦ ፔዳሉ ትንሽ ሲነካ አየር መግቢያው ቀድሞ ይከፈታል፣ ሹፌሩም «ቀለለችልኝ» ይላል። ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን ያው ሞተር ነው። የዲዛየር ሹፌሮች ሲጠይቁኝ ገንዘባቸውን ለካንዴላ፣ ለአየር ፊልትሮና ለጎማ ነፋስ እንዲያውሉት እመክራለሁ። የሚቆጥቡትም በዚያ ነው።

ቱርቦ ያለው ናፍታ ሌላ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፋይል የተሞከረው ባሕር ወለል አካባቢ ነው። ፋይሉ በአየር መግቢያው ውስጥ 240 ኪሎፓስካል እንዲኖር ያዛል እንበል። ባሕር ወለል ላይ ቱርቦው የውጭውን አየር 2.4 ጊዜ ያህል ማጨቅ ይበቃዋል። አዳማ ላይ ያንኑ ቁጥር ለማምጣት 2.9 ጊዜ፣ አሰላ አቀበት ላይ ደግሞ 3.2 ጊዜ ማጨቅ አለበት። የቱርቦው ክንፍ ከተሠራበት ፍጥነት አልፎ ይዞራል፣ የሚጨምቀው አየር ይግላል፣ ኢንተርኩለሩም ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ የውጭ ግፊት በቀነሰ ቁጥር የሚታዘዘውን ግፊት የሚቀንስ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ኢሲዩ ውስጥ አስቀምጧል። «ደጋው የወሰደብህን ጉልበት እመልስልሃለሁ» እያለ ይህን ሠንጠረዥ የሚያጠፋ ባለሙያ አለ። ደንበኛው የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ይነዳል። ከዚያ ፉጨት ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጢስ፣ በመጨረሻ ዘይት ወደ ማርሚታ። እኔ ያን ሠንጠረዥ አልነካም። በባሕር ወለል ስሌት ከ20 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ የሚባለውንም እዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶ አድርጌ ነው የማስበው።

አሁን ወደ ምርመራው። ዕቃ ከመፈታቱ በፊት አንድ ነገር አይቀርም፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአየር መግቢያ ግፊት ሴንሰሩ ስንት እንደሚያነብ ማየት። አዳማ ላይ ከ82 እስከ 84 ማለት አለበት። 95 ወይም 70 የሚል ከሆነ ሴንሰሩ ይዋሻል፤ በሚዋሽ ሴንሰር ላይ የተሠራ ፋይል ሁሉ ውሸት ነው። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ተደርጎ አላየሁም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) እየሠራ የኢንጀክተሮቹ ማካካሻ፣ ማለትም ኢሲዩው ለእያንዳንዱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ናፍታ ይታያል። በሃይሉክስና በፕራዶ ሦስት ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከ3 እስከ ሲቀነስ 3 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ የወጣ ኢንጀክተር ካለ ሥራው ይቆማል። የናፍታ ሬይሉ (ናፍታውን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት በሚኒሞ ከ30 እስከ 40 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ የታዘዘውና የተገኘው በሰፊው ከተራራቁ መጀመሪያ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያለው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይጠረጠራል።

የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ናት። ስትወጣ በጥፍር የምትያዝ ትንሽ ቀለበት ነች። ጤነኛዋ ዙሪያዋን እኩል ያበራል። ያሳለፈችው ግን በአንድ ጎኗ የጥቁር ጭረት መንገድ ይታይባታል፣ ከዳር እስከ ዳር። በዚያች ጭረት የቃጠሎ ጋዝ ወደ ቴስታታው ክዳን ሥር ይገባል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ ቅጥራን የመሰለ ነገር ኮፓ (የዘይት መያዣው) ውስጥ ይጠራቀምና የዘይት መምጠጫ ወንፊቱን ይደፍናል። ከዚያ ቱርቦው ዘይት ያጣል፣ ኩሽኔታውም ይከተላል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር መግደሉን ማፋጠን ነው። ሮንዴላዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ደንበኛው ካላወቀ መጀመሪያ ተፈተው ይታዩ፤ ኢንጀክተር በወጣ ቁጥርም አዲስ ይግባ፣ አሮጌ ሮንዴላ በእሳት አሙቆ መመለስ ይቅር።

የአዳማ ነፋስና አቧራም የራሱ ጣጣ አለው። በከተማው ዙሪያ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ከማየት ይልቅ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ማኒኮቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ጨርቁ ላይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ፊልትሮው ዳር ዳሩን ያሳልፋል ማለት ነው፤ የአየር መለኪያው ሽቦም ቆሽሿል፣ የቱርቦው ክንፍም እየተበላ ነው። ቤንዚን ወይም ናፍታ ነክሮ የአየር መለኪያ መጥረግ ግን ሽቦውን ያበላሸዋል፤ ለእሱ የተሠራ ማጽጃ አለ።

የኢንተርኩለር ቱቦዎች ከ1 እስከ 1.5 ባር አየር ገብቶባቸው በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) በተለመደው ግፊት ዝም ይላል፣ ግፊት ሲጨመር ይተነፍሳል፣ መኪናውም አቀበት ላይ ጉልበቱን ቆርጦ የሞተር መብራት ያበራል። «ፋይሉ ተበላሸ» ተብሎ የሚመለሰው መኪና ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍሪሲዮኑም ይሞከር፦ በአራተኛ ማርሽ በ1,500 ዙር እየተሄደ እስከ ታች ይረገጣል። ዙሩ ከፍጥነቱ ቀድሞ ከወጣ እየተንሸራተተ ነው፤ የፋብሪካውን 343 ኒውተን ሜትር ጉልበት ያልያዘ ፍሪሲዮን 400 አይይዝም።

ይህ ሁሉ ካለፈ ነው ላፕቶፑ የሚከፈተው። መጀመሪያ ንባብ። የመኪናው የራሱ ፋይል ተነቦ ከሻንሲ ቁጥሩ፣ ከኢሲዩው የሃርድዌርና የሶፍትዌር ቁጥር ጋር በሁለት ቦታ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ደንበኛው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ አንዳንድ መሣሪያዎች በምርመራ ሶኬቱ በኩል «አነበብኩ» ሲሉ የሚያነቡት የመታወቂያ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ፋይሉን ከራሳቸው ማከማቻ ያመጣሉ። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የነካው መኪና ከሆነ የመጣው ፋይል መኪናው ውስጥ ያለው አይደለም። ሳጥኑ ተከፍቶ የሚነበብ ኢሲዩ ከሆነ ደግሞ ሲዘጋ በደንብ በሲሊኮን ይታሸግ። በእኛ አቧራ ክፍተት የቀረበት ሳጥን ውሎ አድሮ እግሮቹ ይዝጋሉ።

በመጻፍ ጊዜ የሚገድለው ኤሌክትሪክ ነው። ቮልቴጁ 13 አካባቢ ጸንቶ መቆየት አለበት፤ መብራት፣ ራዲዮ፣ ፋን ሁሉ ይጠፋል፣ በሩም አይከፈትም አይዘጋም። ከግድግዳ ኃይል የሚወስድ ስታብላይዘር ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ የተሞላ ሁለተኛ ባትሪ በኬብል፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ፣ ተያይዞ ይጠብቅ፤ ላፕቶፑም የራሱ ባትሪ ሙሉ ይሁን። በግማሽ የተቋረጠ ጽሑፍ መኪናውን አያስነሳም። ሳጥኑ ተከፍቶ ሊድን ይችላል፤ ካልዳነ ግን የቁልፉ መለያ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ከሌላ መኪና የመጣ ኢሲዩ ሰክቶ መሄድ አይቻልም። ርካሽ ቅጂ መሣሪያዎች የማረጋገጫ ድምሩን (ፋይሉ ትክክል መሆኑን ኢሲዩው የሚያይበትን ቁጥር) ሳያስተካክሉ ሲጽፉም ውጤቱ ያው ነው።

ከጽሑፉ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ሰፈር ውስጥ ዞሮ መምጣት አይደለም። ከመልካሳ ወደ ዴራና ኢተያ የሚወጣው የአሰላ መንገድ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፦ ረጅም አቀበት ነው፣ ከፍታውም እየጨመረ ይሄዳል። በአንድ ጭነት፣ በአንድ ማርሽ፣ ቦታውና ትራፊኩ በፈቀደ ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር ይመዘገባል፦ የታዘዘ ግፊት፣ የተገኘ ግፊት፣ የሬይል ግፊት፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ የውኃ ሙቀት። ይኸው ምዝገባ ከሥራው በፊት ካልተደረገ የኋለኛው ብቻውን ምንም አይናገርም። የተገኘው ከታዘዘው በ15 ኪሎፓስካል ከበለጠ ወይም የሬይል ግፊቱ እየጎተተ ከቀረ ፋይሉ ይቀነሳል። ከቱርቦ በፊት ሙቀት መለኪያ የሚያስገባ ሰው ካለ እሰየው፤ 700 ዲግሪ አልፎ የሚቆይ አቀበት ላይ እግር ማንሳት ነው። ጥቁር ጢስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። «ጉልበቷ ነው» የሚሉትን ስሰማ ያናድደኛል፤ ከኋላ ያለው ባጃጅ ውስጥ ልጅ የያዘች እናት ናት የምትተነፍሰው።

የናፍታ ቁጠባን በዳሽቦርዱ ቁጥር መለካት ደግሞ አይሆንም። ያ ቁጥር የሚሰላው ኢሲዩው ረጨሁ ከሚለው መጠን ነው፤ የመርጫ ጊዜው ሠንጠረዥ ሲነካ ኢሲዩው ከእውነቱ ያነሰ ሊቆጥር ይችላል። ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ፖምፓ፣ ሙሉ ተሞልቶ መልሶ እስኪሞላ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ሰው የሚያማርረው ግን ከሪማፕ ይልቅ በሁለት ነገር ነው። አንዱ በምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካው «ነዳጅ ቆጣቢ» ነው፤ ከፍተን ስናየው መብራት የምታብለጨልጭ ሰርኪውት ብቻ ናት። ሌላው በሬይል ግፊት ሴንሰሩና በኢሲዩው መሃል የሚገባው ሳጥን ነው፤ ለኢሲዩው ዝቅተኛ ግፊት ነግሮ ፖምፓውን ያስጨንቀዋል፣ ኢንጀክተሮቹ ይበላሉ፣ የግፊት ማስተንፈሻውም ይከፈታል።

ኢጂአር (ከፊሉን ጢስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ) በብረት ቆርጦ መድፈን የሚጠይቅ ብዙ ነው። ፈቶ ከነአየር መግቢያው ጥላሸቱን ማጽዳት ይሻላል። ዲፒኤፍ (የጢሱን ጥላሸት የሚይዘውን ፊልትሮ) ማውጣትና የፍጥነት ገደብ ማንሳት ግን ከእኔ ዘንድ አይደረግም።

ሪማፕ የተሠራለት መኪና ዘይቱን በ5,000 ኪሎሜትር ይቀይር፤ መለኪያው ላይ ዘይቱ ከፍ ብሎ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ከአቀበት በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ቆሞ ነው የሚጠፋው። ደንበኛው ሲሄድ የመጀመሪያው ፋይል፣ የተሻሻለው ፋይልና ሁለቱ ምዝገባዎች በፍላሽ ይሰጡት። መኪናውን ሲሸጥም ወይ የመጀመሪያው ይመለስበት ወይ ፍላሹ ለገዢው ይለፍ፤ ሌላ ጋራዥ ሶፍትዌሩን ሲያድስ ሪማፑ እንደሚጠፋ አብሮ ይነገረው።